የድንጋይ እሳት ምድጃ በጓሮ፦ ከቁፋሮው እስከ መጀመሪያው እሳት

የጓሮ ምድጃን ቶሎ የሚያፈርሰው እሳቱ ሳይሆን ውሃው ነው። ድንጋይ ውስጥ የሰረገ ውሃ እሳት ሲያገኘው ድንጋዩን ይሰነጥቃል፣ ከሥር የተኛ ውሃ ግንቡን ያሰምጣል፣ ጭቃ ውስጥ የቀረ እርጥበት ደግሞ በውርጭ ሌሊት ጭቃውን ያፈረፍረዋል። ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ባለው ደጋ ክረምቱም ውርጩም የታወቀ ስለሆነ፣ ምድጃው ዓመታት እንዲያገለግል ከተፈለገ ከመጀመሪያው ዶማ ጀምሮ ስለ ውሃ ማሰብ ግድ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ጥቅምት ላይ ቢሆን ይመረጣል። መሬቱ ጠፍፏል፣ ግን ገና ለዶማ አልጠነከረም። ኅዳርና ታኅሣሥ ከገቡ ግን ሌሊት የሚጥለው ውርጭ እርጥቡን ጭቃ እያገኘ ያስቸግራል።

ልኩና የሚያስፈልገው

ስድስት ሰባት ሰው ከቦ ለሚሞቀው ምድጃ የውስጥ ስፋቱ ከጠርዝ ጠርዝ 90 ሳንቲ ሜትር፣ የግንቡ ውፍረት 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሬት በላይ ያለው ቁመት 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከውጭ ሲለካ 1.5 ሜትር ይመጣል ማለት ነው። ከዚህ ማስፋት አያዋጣም፤ ሰፊ ምድጃ ብዙ እንጨት ይበላል፣ እንጨት ደግሞ በገንዘብ ነው የሚገዛው።

ለዚህ ልክ 0.8 ሜትር ኩብ ያህል የግንብ ድንጋይ፣ ለመሠረቱና ለወለሉ 0.3 ሜትር ኩብ ያህል ኮረት (ለቦዩና ለዙሪያው ንጣፍ የሚሆነው ሌላ ነው)፣ በ20 ሊትር ባልዲ 4 ባልዲ ቀይ አፈር፣ 8 ባልዲ አሸዋ፣ ግማሽ ጆንያ የጤፍ ጭድ፣ ግማሽ ባልዲ የተወቀጠ ገል ያስፈልጋል። ድንጋይ በቢያጆ (በሙሉ መኪና ጭነት) ከመጣ ይተርፋል፤ ከጎረቤት ጋር መካፈል ይቻላል። መሣሪያው ዶማ፣ አካፋ፣ የግንበኛ መዶሻ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ ውሃ ልክ፣ ካስማና ሲባጎ ነው።

ቦታ

ከቤት ግድግዳና ከአጥር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። የሳር ክዳን ቤት፣ የጭድ ክምር ወይም የኩበት ክምር በአካባቢው ካለ 20 ሜትርም አይበዛም፤ ይህን ያህል ርቀት የማይገኝበት ጓሮ ላይ ምድጃውን ጨርሶ አለመሥራት ይሻላል። ከላይ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የመብራት ሽቦ እንዳይኖር ቀና ብሎ ማየት አይዘንጋ። የንፋሱን መንገድ ለማወቅ ለተከታታይ ምሽቶች፣ እሳት በሚነድበት ሰዓት፣ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትኖ መመልከት በቂ ነው። ገለባው ወደ ቤቱ በር ወይም ወደ ክምሩ የሚሄድ ከሆነ ቦታው ይቀየር፤ ፍንጣሪም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ድንጋይ መምረጥ

እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ደጋው ላይ በየማሳው ጥግ ተለቅሞ የሚከመረው ጥቁር ድንጋይ ለምድጃ ጥሩ ነው፤ ሙቀትን ይችላል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ግን ሁሉም አንድ አይደለም። እያንዳንዱን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ መስማት ነው፤ ደህናው እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ወይም የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ያወጣል። ቆዳው እንደ ልጣጭ እየተነሳ የሚረግፍ ድንጋይ ልጣጩ ተመትቶ ይውደቅና እምብርቱ ብቻ ይወሰድ።

ከወንዝ የወጣ ድቡልቡል ድንጋይ ለውስጥ በኩል ፈጽሞ አይግባ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ በማይታይ ስንጥቁ ሁሉ ውሃ ይዟል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እንፋሎት ሲሆን መውጫ ያጣና ድንጋዩን ያፈነዳዋል። ፍንካቹ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ የሚገኘው የኖራ ድንጋይም ለጠረባ ቢመችም ለእሳት አይሆንም፤ ደጋግሞ ሲግል ወደ ኖራነት እየተለወጠ ይፈርሳል። አሸዋማውም ድንጋይ ውሃ ስለሚመጥ ከውስጠኛው ፊት ይራቅ።

የተመረጠው ድንጋይ ሳይከመር፣ ተዘርግቶ፣ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይምታው። በየሳምንቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ መሬት የነካው ፊት እርጥበት ይዞ ይቆያልና።

ቁፋሮና መሠረት

መሐል ላይ ካስማ ይተከልና በላዩ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ ታስሮ ክቡ ይሰመራል። በመስመሩ ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትር ይቆፈራል። ካስማውን አለመንቀል ጥሩ ነው፤ ግንቡ ሲወጣም ልክ የሚያዘው በእሱ ነው።

መሬቱ መረሬ (ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር) ከሆነ ግን 25 አይበቃም። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነውን ግንብ በየዓመቱ ሲያነሳና ሲጥል ኖሮ ይከፍለዋል። 45 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ትርፉ 20 ሳንቲ ሜትር በገረጋንቲ (ጠጠር ባለበት የሙሌት አፈር) ይሞላ፤ አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር እየፈሰሰ፣ ትንሽ ውሃ እየተረጨ፣ በደንብ እየተጠቀጠቀ። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ኮረት ይነጠፍና በውሃ ልክ ይስተካከላል። በተዳፋቱ በኩል ከጉድጓዱ ወለል ጀምሮ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይውጣና እሱም በኮረት ይሞላ። ይህ ቦይ ከሌለ በሐምሌ ምድጃው ኩሬ ይሆናል።

ጭቃ

ሲሚንቶ ይጠነክራል ብሎ በሲሚንቶ መገንባት በብዛት የሚታይ ስህተት ነው። ሲሚንቶ ከ300 ዲግሪ በላይ ደጋግሞ ሲግል ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ሲለጠጥና ሲሰበሰብም አብሮት ስለማይሄድ ይላቀቃል። ጭቃ ግን ሲግል ይጠበሳል፤ ቢሰነጠቅም በእፍኝ ጭቃ ይጠገናል።

አንድ እጅ ቀይ አፈር ከሁለት እጅ አሸዋ ጋር ይደባለቅና ውሃ እየተጨመረ በእግር ይረገጣል። ለውጭ በኩል የሚሆነው ጭድ ይገባበትና ሦስት አራት ቀን ይቦካል። ለውስጥ በኩል ግን ጭድ አይጨመርም፤ እሳት ሲበላው ቦታው ባዶ ይቀራል። በጭዱ ምትክ የተሰበረ እንስራ ወይም ጀበና ገል ተወቅጦ፣ በወንፊት ተነፍቶ ይገባበታል። ሸክላ ሠሪዎች አፈራቸው እሳት ላይ እንዳይፈነዳ የሚያደርጉት በዚሁ መንገድ ነው። ከመገንባቱ በፊት የእጅ መዳፍ የሚያህል ጭቃ ጠፍጥፎ ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ማድረቅ፤ ከተሰነጠቀ አሸዋ ይጨመር፣ በጣት ሲታሽ ከተፈረፈረ አፈር ይጨመር።

ግንቡ

መጀመሪያው ረድፍ ትልልቁን ድንጋይ ይይዛል፤ ሙሉ በሙሉ ከመሬት በታች ነው፣ ቁመቱም 15 ሳንቲ ሜትር ነው። በላዩ ሦስት ረድፍ፣ እያንዳንዱ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ይወጣል። ለጥ ያለው ፊት ሁልጊዜ ወደ እሳቱ ይዙር። ከካስማው 45 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ እየተሳበ የውስጡ ክብ በየረድፉ ይለካ።

ከመሬት በላይ ባለው የመጀመሪያ ረድፍ ላይ በአራት አቅጣጫ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የአየር መግቢያዎች ይተዉ። እነዚህ ካልኖሩ እሳቱ ከሥር ታፍኖ ይጨሳል። በላያቸው የሚያርፈው ድንጋይ 25 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ መርዘም አለበት። ንፋስ ሲበረታ በንፋሱ በኩል ያለውን በድንጋይ መወተፍ ነው።

የታችኛው ረድፍ መጋጠሚያ በላይኛው ድንጋይ ወገብ ይሸፈን፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከወደቀ ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። በየ80 ሳንቲ ሜትሩ የግንቡን ውፍረት ሙሉ የሚይዝ ረጅም ድንጋይ በአግድም ይግባ፤ የውስጡንና የውጩን ፊት አንድ ላይ የሚያስረው እሱ ነው። ጭቃው ቀጭን ይሁን፣ ሰፊ ክፍተት በድንጋይ ስብርባሪ ይወተፍ። በጭቃ ብቻ የተሞላ ክፍተት ሲደርቅ ይሸሻል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በውሃ ልክ እየተስተካከለ ይጋደም፤ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል፣ ዝናብ እንዲወርድለት።

ወለሉ እስከ መሬቱ ልክ በኮረት ይሞላል። ወለል በሲሚንቶ መለሰን ውሃውን መያዝ ነው። ዙሪያውን ሁለት ሜትር ያህል ሳሩ ተነቅሎ ኮረት ቢነጠፍ ለመቀመጫም ለደኅንነትም ይጠቅማል። አሮጌ ቆርቆሮ ግን የውስጥ ሽፋን አይደረግ፤ የተለበጠበት ዚንክ ሲግል የሚወጣው ጭስ ጎጂ ነው።

ማድረቅና ማንደድ

ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ማታ ማታ በጭድና በጆንያ ይሸፈን፤ እርጥብ ጭቃ ላይ ውርጭ ከወደቀ ውሃው ይረጋና ላዩ በማግስቱ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይነሳል። ከዚያ በመጀመሪያው ማታ እፍኝ ጭራሮ ለግማሽ ሰዓት፣ በሁለተኛው ትንሽ ጨመር፣ እያለ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ማታ ወደ ሙሉ እሳት ይደረሳል። በነዚህ ማታዎች ልጆች ጠጋ አይበሉ።

ስድስት ወር የደረቀ ባህር ዛፍ ጥሩ ይነዳል፣ ወይራ የሚቆይ ፍም ይሰጣል። ጥድ እየተንጣጣ ፍንጣሪ ስለሚረጭ በንፋስ ማታ አይነደድበት። ሲጨርሱ የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ አይድፉ፤ በአንድ ማታ የሠሩትን ይሰነጥቀዋል። ፍሙን በትነው አፈር ያልብሱት። አመድ ሥር የተቀበረ ፍም በማግስቱም ሕያው ሊሆን ይችላልና አመዱ ወደ ጭድ አቅራቢያ አይደፋ። የቀረውን ፍም ለሙቀት ብሎ በር ወደተዘጋ ቤት ማስገባት ደግሞ ሰው ይገድላል፤ ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ያወጣል። ብርዱ ምንም ቢከፋ አይደረግ።

ሰኔ ሲገባ ምድጃው በቆርቆሮ ተከድኖ ድንጋይ ይጫንበት። መስከረም ላይ ሲከፈት የላላውን መጋጠሚያ በማንኪያ ጫፍ ቆርቁሮ አውጥቶ፣ ውሃ ረጭቶ፣ በገል ጭቃ መሙላት ነው። የተሰነጠቀ ድንጋይ ካለ እሱ ብቻ ወጥቶ በደረቀ ይተካል፤ ከተጠገነ በኋላም እንደ አዲስ ከጭራሮ እሳት ይጀመራል።