የቺፐር ቢላ ሲገጠምና ሲሳል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በድሬዳዋ ዙሪያ የተስፋፋውን ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ወይም ከየግቢው የሚገረዘውን የኒምና የማንጎ ቅርንጫፍ ለመክተፍ ቺፐር የሚባለውን ማሽን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቢላው ስለት ነው። እኔ ግን ማሽኑን ለሚረከብ ወጣት ሁሉ በመጀመሪያ የምነግረው ስለ ቢላው መቀመጫና ስለ ቡሎኖቹ ነው፤ የደነዘ ቢላ ሥራ ያጓትታል፣ በደንብ ያልታሰረ ቢላ ግን ሰው ይገድላል። 2 ኪሎ የሚመዝን ቢላ፣ ቢላዎቹን ተሸክሞ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ማለትም ከዲስኩ መሀል 20 ሴንቲሜትር ርቆ ታስሮ ዲስኩ በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢዞር፣ ቢላው ወደ ውጭ የሚስብበት ኃይል 440 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕቃ ቡሎኖቹ ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሞተሩ ሲጠፋ ማሽኑ የቆመ መምሰሉ ነው። ከባዱ ዲስክ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ሊዞር ስለሚችል፣ ሙሉ በሙሉ መቆሙ ሳይረጋገጥ ሽፋኑ መከፈት የለበትም። ቁልፉ ተነቅሎ ቢላውን በሚፈታው ሰው ኪስ ይግባ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ወይም የካንዴላው ገመድ ይነቀል፣ ማሽኑ ኃይል የሚያገኘው ከትራክተር ከሆነም ኃይሉን የሚያስተላልፈው ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ ይለያይ። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላም አደጋ አለ፦ አንዱ ቢላ ሲወጣ የዲስኩ ሚዛን ስለሚዛባ፣ ማንም ሳይነካው ከባዱ ጎን በራሱ ወደ ታች ይዞራል። ስለዚህ ዲስኩ በማቆሚያው ፒን ወይም በጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ሳይታገድ አንድም ቡሎን መላላት የለበትም፤ ረዳት ካለም ሳይነገረው ዲስኩን እንዳያዞር አስቀድሞ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የድሬዳዋ ሙቀት የራሱን ስህተት ይጋብዛል። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት እጅ ስለሚያቃጥል፣ ላብም ስለሚያስቸግር፣ ሰው ወፍራሙን የቆዳ ጓንት አውልቆ በጨርቅ ቁራጭ መያዝ ይጀምራል፤ የተሳለ ቢላ ደግሞ ጨርቁን አልፎ መዳፍ ይቆርጣል። ይህን ሥራ በማለዳ ወይም በጥላ ሥር መሥራት ይሻላል።

አሁን ወደ መቀመጫው ልመለስ። አንድ ጊዜ ከቡሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ እስከ ጠርዙ የተሰነጠቀ ቢላ ፈትተን መቀመጫውን ስናየው፣ ከአንድ ማዕዘን ላይ የደረቀ ሙጫና የእንጨት ብናኝ ተጣብቆ እንደ ወረቀት የሳሳ ቡናማ ሽፋን ሠርቶ ነበር። ያ ሽፋን ቢላውን ከአንድ ወገን ከፍ አድርጎት ስለነበር፣ ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ቢላው ጎብጦ ታሰረ፤ የቀረውን የጨረሰው በየዙሩ የሚመታው ደረቅ እንጨት ነው። የቢላው ጀርባና የዲስኩ መቀመጫ በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ ተጠርገው፣ ደርቀው፣ በጣትም ተዳስሰው ካልተረጋገጡ በቀር አዲስ ቢላ መግጠም ትርፍ የለውም። ክፍተት ሞላሁ ብሎ የላሜራ ቁራጭ መደርደርም ያው ስህተት ነው።

ቡሎንን በተመለከተ፣ መልኩና ውፍረቱ ስለተመሳሰለ ብቻ ከመለዋወጫ ሱቅ ያገኙትን መክተት የተለመደ ነው። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ቡሎን የመሳብ ጥንካሬው 800 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን፣ 12.9 የተጻፈበት ግን 1200 ገደማ ነው፤ አምራቹ 12.9 ያዘዘበት ቦታ 8.8 መግባት የለበትም። ጥርሱ የተበላ ወይም የተለጠጠ ቡሎን ይጣል። ቁልፉ ላይ ቱቦ አስረዝሞ በጉልበት ማጥበቅም ቡሎኑን ሳይታወቅ ስለሚለጥጠው፣ በመመሪያው በተጻፈው ልክ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ ሊጠብቅ ይገባል።

ከተማችን ከባቡር ወርክሾፑ ጋር ያደገች በመሆኗ ብረት የሚያውቅ ባለሙያ አታጣም፤ ይህ በረከት ቢሆንም ከመኪና ባሌስትራ ቢላ የማስቀረጽን ፈተና አምጥቷል። የባለሙያውን እጅ አልጠራጠርም፤ የምጠራጠረው ብረቱ ተቆርጦ ከተቀረጸ በኋላ ተገቢውን የሙቀት ሕክምና ማግኘቱንና የቢላዎቹ ክብደት እኩል መሆኑን ነው። ከልክ በላይ የጠነከረ ብረት ይሰበራል፣ ክብደቱ የተለያየ ጥንድ ደግሞ ማሽኑን እያንቀጠቀጠ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። በዚሁ ምክንያት የተጎዳውን አንዱን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን መተው አይገባም፤ ቢላዎች በጥንድ ወይም በሙሉ ስብስብ ይቀየራሉ፣ ሲሳሉም እኩል ይሳላሉ።

ሲሳል የሚፈጸመው ስህተት በአብዛኛው ችኮላ ነው። በእጅ ግራይንደር አጥብቆ የተጫነ ስለት ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ብረቱ በዚያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል፣ ከአንድ ቀን ሥራ በኋላም ይደንዛል። ፋብሪካው የሰጠው የስለት ማዕዘን ሳይለወጥ፣ ቢቻል ውኃ በሚያፈስ የመሳያ ማሽን ላይ ጥቂት በጥቂት መሳል ያስፈልጋል፤ የቢላው ስፋት በመመሪያው ከተቀመጠው ትንሹ ልክ በታች ከወረደ ደግሞ መወገድ አለበት። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የተጎተተ ግንድ አዲስ የተሳለን ስለት በአንድ ረፋድ ያበላሻል፤ ስለዚህ ግንዱን አስቀድሞ በመጥረጊያ ማራገፍ ስለቱን እንደገና ከመሳል ድካም ይቀላል። ሚስማርና የአጥር ሽቦም በዓይን ሊፈተሽ ይገባል።

ከተገጠመ በኋላ በሚዞረው ቢላና ከማሽኑ አካል ጋር በታሰረው የማይንቀሳቀስ ቋሚ ቢላ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ፣ ማለትም ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች፣ መለካት አይዘለልም። ክፍተቱ ሲሰፋ እንጨቱ እየተቀደደ ረጃጅም ክሮች ይወጣሉ፣ ሲጠብ ደግሞ ብረት ከብረት ይጋጫል። ልኬቱ ለእያንዳንዱ ቢላ በሁለቱም ጫፍ ይወሰድና፣ ፒኑ ወይም ሽብልቁ ተነሥቶ ዲስኩ በረጅም እንጨት እየተገፋ፣ ጣት ሳይገባ፣ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ምንም ካልነካ ሽፋኑ ተዘግቶ፣ ከማስወጫው ጎን ርቀው ቆመው፣ ማሽኑን ያለ እንጨት ጥቂት ደቂቃ ያስነሡት፤ ከዚያም አጥፍተው፣ ዲስኩ መቆሙን አረጋግጠው፣ ቁልፉን ወደ ኪስዎ መልሰው ቡሎኖቹን ዳግመኛ በቶርክ ሬንች ይፈትሹ። ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሥራ በኋላም እንደገና ይፈትሿቸው።