ሕመሙ ስም ሲያጣ፦ ከጓደኞች ጋር ሆኖ ምርመራን እንዴት መከታተል ይቻላል

አራት ጊዜ «ታይፎይድ ነው» ተብያለሁ። አራቱንም ጊዜ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ድካሙ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ድንጋይ ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ቢሮ ለመድረስ ሁለት ፎቅ ደረጃ ነው የምወጣው፤ መሀል ላይ ስልክ የማይ መስዬ አርፋለሁ።

ፍንጩ የተገኘው ቡና ላይ ነው። ሚያዝያ ነው፤ ጓደኞቼ ሙቀቱን አልቻሉትም፣ በር ክፈቱ እያሉ በእጃቸው ያገኙትን ያራግባሉ። እኔ ጋቢ ለብሼ ከሰሉ አጠገብ ተጠግቻለሁ። አንዷ ስኒ ስታቀብለኝ እጄን ያዝ አደረገችና «አንቺ፣ እጅሽ እኮ በረዶ ነው! ደግሞ ድምፅሽ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የጎረነነው?» አለችኝ። ድምፄ መለወጡን እኔ አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት አብረን ሄደን ይህንኑ ለሐኪም ስንነግር ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ ታዘዘ። ታይሮይድ የሚባለው፣ አንገት ላይ ያለው ዕጢዬ ሥራው ቀንሶ ተገኘ።

ሐኪም የሚያያችሁ ለአሥር ደቂቃ ነው፤ ጓደኛ ዓመቱን ሙሉ ያያችኋል። ይህን እንዴት አቀናጅቶ መጠቀም እንደሚቻል ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

በቅድሚያ ግን፦ ይህ ሁሉ ጊዜ ለሚሰጥ ሕመም ነው። ደረት የሚጨመድድ ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ራስ መሳት ካለ ይህን ማንበብ ትታችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

1. ደብተር ያዙ

«ሁለመናዬን ያመኛል» ለሐኪም ብዙ አይነግረውም። «ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ግራ ጎኔን ወጋኝ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ስተኛ ተወኝ» ግን ይነግረዋል። በቀን ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። የበላችሁትን፣ የእንቅልፋችሁን ሁኔታ፣ ሴት ከሆናችሁ የወር አበባ ቀኑን ጨምሩበት። ትኩሳት ካለ በእጅ ዳሰሳ አትመኑ፤ በቴርሞሜትር ለኩና 38.4 ከሆነ 38.4 ብላችሁ ጻፉ።

ክብደታችሁንም ተከታተሉ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ለዚህ ይበቃሉ። ሚዛኖቹ እርስ በርስ ስለማይስማሙ ግን ሁልጊዜ አንዱ ልጅ ጋ ተመዘኑ። የእኔው «እህቴ፣ ዛሬም ጨምረሻል» እያለ አናድዶኛል። ልክ ነበር፤ ምግብ ሳልጨምር መወፈሬ አንዱ ምልክት ኖሯል።

የት እንደነበራችሁም ጻፉ። ሁመራ ወይም መተማ ለሥራ ከርሞ የመጣ ሰው ለሳምንታት ካተኮሰው ሐኪሙ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣውን ካላዛርን ሊያስብ ይገባል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴላ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሊይዘው ይችላል። እናንተ ካልነገራችሁት ሐኪሙ ከየት ያውቃል?

2. ለጓደኞቻችሁ ሥራ ስጡ

«አይዞሽ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ሥራ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ምረጡና ድርሻ ስጧቸው። አንዷ ሐኪሙ ጋ አብራችሁ ትገባለች፤ የተባለውን ትጽፋለች። ሌላዋ ወረቀቱን ትይዛለች። ሦስተኛው ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ ጠዋት ያደርሳችኋል።

የመጀመሪያዋን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ሐኪሙ እናንተን ሲጠይቅ ቀድማ የምትመልስ ሰው ይዛችሁ አትግቡ። ስለ እርግዝና፣ ስለ ግንኙነት፣ ስለ መጠጥ ወይም ስለ ጫት ሲጠየቅ ደግሞ በጣም የሚወዷችሁም ቢሆኑ ውጭ ይጠብቁ፤ ይህን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ለእያንዳንዱ ሕመም «የአክስቴም ልጅ እንዲሁ ጀማምሯት…» ብላ ወሬ የምትጀምረዋን ደግሞ ቡና ላይ አግኟት። ትወደድ እንጂ ሆስፒታል አትምጣ።

አንድ ቀን ሰብሰብ በሉና በግልጽ ጠይቋቸው፦ «ከዓመት በፊት ከነበርኩት ምኔ ተለውጧል?» የድሮ ፎቶም አውጡ። የእኛዎቹ ከአንድ ሰርግ ፎቶ ላይ ፊቴ ማበጡን አዩ። እኔ መወፈር ብቻ መስሎኝ ነበር።

3. ወረቀቱን በቀን ተራ አስቀምጡ

በየሄዳችሁበት ምርመራው «ሀ» ብሎ የሚጀምረው የቀድሞው ውጤት እጃችሁ ላይ ስለሌለ ነው። የላብራቶሪ ውጤቱን ኮፒ ጠይቁ። በስልክ ፎቶ አንሱና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ ወረቀት ይጠፋል። የራጅ ፊልሙን ከአልጋ ሥር አውጡት። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ዳማ ከሴም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ጠጥታችሁ ከሆነ አትደብቁ። ፀበል የምትጠመቁም ብትሆኑ የጀመራችሁትን መድኃኒት ሳታቋርጡ ነው መሆን ያለበት።

4. «ታይፎይድ ታይፈስ» ሲባል ጠይቁ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

በየክሊኒኩ የሚሠራው የታይፎይድ ምርመራ ዊዳል ይባላል። ምርመራው ጀርሙን ራሱን አይፈልግም፤ ሰውነታችን ጀርሙን ሲዋጋ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚለካው። ከዓመታት በፊት ታይፎይድ ይዟችሁ ከነበረ፣ ክትባት ከወሰዳችሁ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ካለባችሁም «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ስለዚህ አንድ የዊዳል ወረቀት ብቻውን ብዙ አያስተማምንም። ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚፈልገው የደም ካልቸር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን አንቲባዮቲክ ከመጀመራችሁ በፊት ሲሆን ነው። እኔ ትኩሳት እንኳ አልነበረኝም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ ሲፕሮ ወይም አሞክሳሲሊን መጀመር ደግሞ ዱካውን ያጠፋል። ስቴሮይድ የሚባሉት ፕሪድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞንም እንዲሁ ናቸው። ለጥቂት ቀን «ተሻለኝ» ያሰኛሉ፤ ዋናው በሽታ ግን ከሥር ይቀጥላል። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም አንገት ላይ ንፍፊት ካበጠ የቲቢ ምርመራ ጠይቁ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም ሕክምናውም በነፃ ነው።

5. ሐኪሙ ፊት

ከሁሉም የሚያስቸግራችሁን አንድ ነገር መጀመሪያ ተናገሩ። ትንሿን አስቀድሞ ትልቁን በር ላይ መናገር የሁላችንም ልማድ ነው። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

«ምን ሊሆን ይችላል ብለው ያስባሉ? እሱ ካልሆነስ?»
«ይህ ምርመራ ምኑን ያሳየናል?»
«በስንት ቀን ካልተሻለኝ ልመለስ?»

በትሕትና ከጠየቃችሁ ብዙው ሐኪም ይመልሳል። እናንተ ስትደነግጡ የሚባለውን የሚሰማው የጓደኛችሁ ጆሮ ነው። እኔ ከክፍሉ ስወጣ የማስታውሰው «ታይሮይድ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ቀሪው የተገኘው ከእሷ ማስታወሻ ነው።

6. «ጭንቀት ነው» ከተባለ

አትቆጡ። ጭንቀትና ድብርት እውነተኛ ሕመሞች ናቸው፤ እንቅልፍ ይነሳሉ፣ ጨጓራ ያቃጥላሉ፣ ልብ ያስመታሉ። ነገር ግን ምርመራ ሳይደረግ የተሰጠ ስም ከሆነ «የደም ማነስ፣ ስኳርና ታይሮይድ ታይተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

7. አንድ ሐኪም ይኑራችሁ

በስድስት ወር አምስት ቦታ የዞረ ሰው አምስት የመጀመሪያ ቀጠሮ እንጂ አንድም ክትትል አላገኘም። ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ሂዱ፤ የጤና መድህን ያለው ሰው ደረጃውን ዘሎ ከሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የግል የምትሄዱ ከሆነ አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ያዙና እሱ ጋ ተመለሱ። መቀየርም መብታችሁ ነው። ስትቀይሩ ግን ፌስታሉን ከነደብተሩ ይዛችሁ ሂዱ።

ስሙ ከተገኘ በኋላም ጓደኞቻችሁን አታሰናብቱ። የእኔ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ነው፤ በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል። ቡና ወዲያው ከተከተለው ሰውነት መድኃኒቱን በደንብ አይወስደውም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት መጠበቅ አለብኝ። እሁድ ጠዋት እነሱ ጋ ስደርስ ያቺ እጄን የያዘችው ጓደኛዬ ገና ከበር «ስንት ሰዓት ላይ ነው የዋጥሽው?» ትላለች። ሰዓቱን ካልነገርኳት ጀበናውን አትጥድም።