የቤት ዋይፋይ ራውተርን መፈተሽና ሶፍትዌሩን ማደስ

በኮዬ ፈጬም ሆነ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ሰው የራውተሩን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ለመጫን ይቸኩላል። ይህ ግን የመስመሩን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጭምር ሊያጠፋ ስለሚችል የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት።

መጀመሪያ መብራቶቹን ይመልከቱ። በፋይበር መስመር ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ የመስመሩ ብርሃን ወደ ቤትዎ እየደረሰ አይደለም፤ ቀጭኑ ገመድ አለመታጠፉንና በሚገባ መሰካቱን አይተው ለአገልግሎት ሰጪዎ ይደውሉ። መብራቶቹ ደህና ከሆኑ ራውተሩን አጥፍተው ግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ ያብሩት። ስልክዎ ሳሎን ውስጥ በደንብ እየሠራ መኝታ ቤት ሲገባ የሚደክም ከሆነ ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ኮንክሪትን አልፎ ለመሄድ ስለሚቸገር ስልክዎን ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ይቀይሩ።

ሶፍትዌሩን ለማደስ ራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 የሆነውን፣ በብሮውዘር ከፍተው ይግቡ። የማደሻውን ፋይል ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ የሞዴሉ ስም ብቻ ሳይሆን የሃርድዌሩ ስሪትም ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ራውተሩን የሰጠዎት አገልግሎት ሰጪው ከሆነ ግን እርሱን ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለኤሌክትሪክ ነው። እድሳቱ ሳያልቅ መብራት ከጠፋ ራውተሩ ዳግመኛ ላይነሳ ስለሚችል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ሰክቶ መሥራት ይበጃል። ራውተሩ ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ አዲሱን የስሪት ቁጥር ይመልከቱ፤ የመግቢያውን የይለፍ ቃልም በዚያው ይቀይሩ።