ጨው ሲሟሟ ቴርሞሜትሩ እንደተጠበቀው ካልሆነ

ችግር፦ የምግብ ጨው ሟሟ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ምክንያት፦ የአንድ ሞል (58 ግራም ያህል) ጨው አዮኖችን፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች፣ ለመለያየት 787 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል። ውሃው አዮኖቹን ሲከባቸው 783 ያህሉን ይመልሳል። ከውሃው የሚወሰደው ልዩነቱ፣ ማለትም ወደ 4 ኪሎጁል ብቻ ነው። ታዲያ ሙቀት እየወሰደ በራሱ የሚሟሟው ለምንድን ነው? ተሰድረው የነበሩት አዮኖች ሲበተኑ ኢንትሮፒ (የመበታተን መጠን) ስለሚጨምር ነው። ቴርሞሜትር ይህን አያሳይም፤ ስለዚህ ተማሪ «ለውጥ የለም» ብሎ እንዳይጽፍ አደራ።

መፍትሄ፦ አሞኒየም ክሎራይድ ተጠቀሙ። 10 ግራሙ 100 ሚሊ ሊትር ውሃን 6 ዲግሪ ያህል ያወርዳል፤ ያው መጠን የምግብ ጨው 1.5 ቢያወርድ ነው።

ችግር፦ ሙቀቱ ወርዶ ወዲያው ይመለሳል።

የድሬዳዋ ሙቀት ነው። የክፍሉ አየር ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የብርጭቆ ቢከር ቅዝቃዜ አያቆይም። ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ ደራርባችሁ ክደኑ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ታንከር የተቀዳ ውሃ ከሆነ ደግሞ ከጨዉ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አሳድሩት።

ችግር፦ ያሞቃል የተባለው ካልሲየም ክሎራይድ ጭራሽ አቀዘቀዘ።

ዕቃውን ከፍታችሁ እዩ። ፍሬው ተጣብቆ ላብ ካላበው የአየር እርጥበት ጠጥቷል። ደረቁ በሞል 81 ኪሎጁል ያህል የሚለቀው አዮኖቹ ከውሃ ጋር ሲያያዙ ነው፤ እርጥቡ ግን ይህን ሙቀት ዕቃው ውስጥ እያለ ለቆታል። ስድስት የውሃ ሞለኪውል የያዘው እንዲያውም ሲሟሟ ሙቀት ይወስዳል። ያልተከፈተ ዕቃ አምጡ፤ ከመዘናችሁ በኋላም ወዲያው ክደኑ።

ችግር፦ ስሌቱ አሞኒየም ክሎራይድ «አይሟሟም» ይላል።

በኬልቪን ፈንታ ሴልሺየስ አስገብታችኋል። ስሌቱ የሚወሰደው ሙቀት ሲቀነስ የኬልቪን ዲግሪው ሲባዛ በኢንትሮፒ ለውጡ ነው፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ይሟሟል። በ298 ኬልቪን 14.8 ኪሎጁል ሲቀነስ (298 ሲባዛ በ0.075)፣ ውጤቱ −7.6 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ይሟሟል።

ችግር፦ ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ይዟል።

የከተማችን ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ይህን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ሲሟሟ ኢንትሮፒ ይቀንሳል፤ ድርብ ቻርጅ ያላቸው አዮኖች የውሃ ሞለኪውሎችን በዙሪያቸው አጥብቀው ያሰልፋሉና። ስለዚህ ውሃው በሞቀ ቁጥር መሟሟቱ ይቀንሳል። ሲፈላ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያመልጥ ባይካርቦኔቱ ወደ ካርቦኔት ተለውጦ ይዘቅጣል። ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። አሲዱ ካርቦኔቱን ጋዝ ያደርገዋል፤ ጋዝ ሲወጣ ኢንትሮፒው ስለሚጨምር ቅርፊቱ ይለቃል። አረፋው ሲያቆም በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።