ካርዳችሁ ላይ የሞገድ ምልክት ካለ

ለበዓል ከውጭ ደብረ ማርቆስም ባህር ዳርም የምትገቡ ዘመዶቻችን፣ እስኪ የባንክ ካርዳችሁን አገላብጣችሁ እዩት፣ ወደ ጎን የተኛ እንደ ዋይፋይ ያለ ምልክት ካለው ሳይሰካ በማስጠጋት ብቻ የሚከፍል ነው። የሚነበበው ከ4 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ከሩቅ ይሰረቃል የሚባለው የተጋነነ ነው፣ ግን በገበያ ግፊያ ስልኩን ያስጠጋባችሁ ሰው የካርድ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ሊያነብ ይችላል፣ ከኋላ የታተመችውን 3 ዲጂት ግን አያገኛትም። በፎይል ጠቅልሉት፣ ይበቃል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መጥፋቱ ነው፣ ብዙ አገር ትንሽ ክፍያ ያለ ፒን ስለሚያልፍ ያገኘው ሰው ዝም ብሎ ይከፍልበታል፣ እባካችሁ የሜሴጅ ማሳወቂያውን አስከፍቱ፣ ከጠፋ ደግሞ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ባንካችሁ ደውላችሁ አዘጉት።