ለቢዝነስ ትንተና ሰርቨር ዲስክ እንዴት ይከፋፈላል?

የትንተና ሰርቨርን ብዙ ጊዜ ጉድ የሚሠራው ማንም ያላሰበው ጊዜያዊ ፋይል ወይም ሎግ ነው። ዋናው ዳታ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ይገመታል። ስለዚህ ከመከፋፈላችሁ በፊት ሳይታሰብ የሚያብጠው የቱ እንደሆነ ለዩ።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

አሁን ያላችሁ ዳታ 300 ጊጋባይት ነው፣ በየቀኑም 1 ጊጋባይት ይጨምራል እንበል። በ2 ዓመት 730 ይጨመርና 1,030 ይሆናል። ኢንዴክሶች (ፍለጋን የሚያፋጥኑ ማውጫዎች) እና ለዳሽቦርድ የሚዘጋጁ ማጠቃለያ ሰንጠረዦች የዚህን ግማሽ ቢወስዱ 1,545 ደረሰ። (ግማሽ ይሁን ሩብ ከራሳችሁ ዳታቤዝ ላይ ለክታችሁ ተኩ።) ዲስኩ ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ደግሞ ለ0.8 አካፍሉት። ወደ 1,930 ጊጋባይት ይመጣል።

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ኤምቢአር የሚባለው የድሮ የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍፍል) አሠራር በተለመደው ዲስክ ላይ ከ2 ቴራባይት ብዙም አያልፍም። ከመጀመሪያው አዲሱን አሠራር፣ ጂፒቲን፣ ምረጡ። ዳታ ከገባ በኋላ መቀየር ራስ ምታት ነው።

2. አራቱን ለያዩ

ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታ፣ የዳታቤዙ የለውጥ ሎግ (በዳታው ላይ የሚደረገው እያንዳንዱ ለውጥ የሚመዘገብበት) እና ጊዜያዊ ፋይሎች የየራሳቸው ቦታ ይኑራቸው። ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ 100 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጊዜያዊውን ነው። አንዱ የ3 ዓመት ሽያጭን ከደንበኞች ሰንጠረዥ ጋር አጣምሮ በቅደም ተከተል የሚደረድር ሪፖርት ይከፍታል። ሜሞሪው አልበቃ ሲል ዳታቤዙ ትርፉን ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ሪፖርቱ ሲያልቅ ፋይሎቹ ይጠፋሉ። በኋላ ገብታችሁ ብታዩ ምንም የለም፤ በመሃል ግን መቶ ጊጋባይት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ቦታው ለብቻው ከሆነ የሚወድቁት ከባድ ሪፖርቶች ናቸው። ከዳታው ጋር ከተቀላቀለ ግን ሌላውንም ይዞ ይወድቃል። እኔ ቢያንስ የትልቁን ሰንጠረዥ ያህል ቦታ እሰጠዋለሁ።

የለውጥ ሎጉም ቀልድ አያውቅም። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ይህ ቦታ ከሞላ ዳታቤዙ ራሱን ያቆማል። ሎጉን ወደ ባክአፕ የሚገለብጠው ሥራ ሲበላሽ ደግሞ ፋይሎቹ ዝም ብለው ይከማቻሉ።

3. ዲስኩን ምረጡ

ለዳታና ለጊዜያዊ ፋይሎች ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይሁን። ዲስክ ቢበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ ብዙ ዲስኮችን በሬይድ አጣምሩ። ሬይድ 10 ግማሹን ቦታ ይወስድባችኋል፤ ሬይድ 5 ቦታ ይቆጥባል፣ መጻፍ ላይ ግን ይንቀረፈፋል። ማታ ማታ ብዙ ዳታ የምትጭኑ ከሆነ 10 ይሻላል። ሬይድ ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የተሰረዘ ሰንጠረዥ ከሁሉም ዲስክ ላይ እኩል ይጠፋል። ባክአፑ ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ።

4. ሁሉንም አታድሉ

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ኤልቪኤም (የዲስክ ክፍሎችን በኋላ ለማስፋት የሚያስችል መሣሪያ) ተጠቀሙና የተወሰነ ቦታ ለማንም ሳትሰጡ አስቀሩ። ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት አሠራር) ሰርቨሩ እየሠራ ይሰፋል፤ መቀነስ ግን አስቸጋሪ ነው። በትንሹ ጀምራችሁ ሲያስፈልግ አስፉ። ኤክስት4 የተባለውን ሌላ ፋይል ሲስተም ከመረጣችሁ ደግሞ 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው ይይዛል። 2 ቴራባይት ላይ 100 ጊጋባይት ማለት ነው። የዳታ ፓርቲሽን ላይ ወደ 1 በመቶ ብታወርዱት ችግር የለውም።

5. ማንቂያ አስቀምጡ

ለእያንዳንዱ ክፍል 80 በመቶ ሲደርስ መልእክት ይላክላችሁ። ባዶ ቦታ እየታየ «ዲስኩ ሞልቷል» ካላችሁ የአይኖዱን (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያስፈልገው መዝገብ) ቁጥር ተመልከቱ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ጨርሰውት ሊሆን ይችላል።