ብልቃጦቹን አስተኟቸው

ለሰመመን ባለሙያዎችና ለቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች፦ በጀርባ የሚወጋው ማደንዘዣ ቡፒቫካይንና ትራኔክሳሚክ አሲድ በአንድ መሳቢያ ጎን ለጎን ቆመው ካገኛችኋቸው ዛሬውኑ ለዩአቸው። ሁለቱም ጥርት ያለ ፈሳሽ የያዙ ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ 4፣ ሌላው 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ቆመው ሲደረደሩ ከላይ የሚታየው አንገታቸው ብቻ ነው። የደም መፍሰስን ለመቀነስ በደም ሥር የሚሰጠው ትራኔክሳሚክ አሲድ በስህተት በጀርባ ከተወጋ ኃይለኛ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ያስከትላል፤ የሞቱበትም ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ስህተት አስጠንቅቋል።

እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ብልቃጦቹን ስማቸው ወደ ላይ እንዲታይ አስተኛቸዋለሁ፤ ትራኔክሳሚኩን ጭራሽ ከመሳቢያው አወጣዋለሁ። መድኃኒቱን ከመቅዳቴ በፊት ረዳቴ ብልቃጡን ይዞ ስሙንና መጠኑን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔም በዓይኔ አያለሁ። ባዶው ብልቃጥ መርፌው ተወግቶ እስኪያበቃ ከትሪው አይነሳም። ዓይን የለመደውን ቅርጽ አይቶ ያልፋል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ፊደሉን ለማየት ይገደዳል። በመለያው ቀለም አትመኑ፤ አቅራቢው ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል።

ነገር ግን ትራኔክሳሚክ አሲዱን ቆልፋችሁ አታርቁት። ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት በ3 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበትና፣ «በደም ሥር ብቻ» ተብሎ ተጽፎበት ከደም መፍሰስ ሕክምና ዕቃዎች ጋር ይቀመጥ።